ሁለተኛው በር፦ በእንጦጦ ግርጌ ስለ አየር ጥቃት መጠለያ

የአየር ጥቃት መጠለያ የሚባለው፣ ከአውሮፕላን የተጣለ ቦምብ ሲፈነዳ ከሚፈጥረው ግፊት፣ ከሚበትነው ስብርባሪና ከሚያስነሣው ቃጠሎ ሰላማዊውን ሰው ለማዳን ከምድር በታች የሚሠራ ክፍል ወይም መተላለፊያ ነው። ከወታደር ምሽግ የሚለየው በውስጡ የሚቀመጠው ሰው የማይዋጋ፣ ብዙውን ጊዜም ሕፃን፣ አዛውንት ወይም ሕመምተኛ በመሆኑ ነው፤ ስለዚህም ጥራቱ በአፈሩ ውፍረት ብቻ አይለካም፤ ሰዎች ሳይረጋገጡ መግባት፣ አንዱ በር ቢደፈንም በሌላው መውጣት መቻላቸው ይመዘንበታል።

በእርስ በርስ ጦርነት መካከል ይህን ሥራ በስፋት ያከናወነችው ከተማ የስፔኗ ባርሴሎና ናት። በከተማይቱ ከ1,300 በላይ መጠለያዎች ታቅደው ወይም ተቆፍረው ነበር፤ ጎልማሶቹ ወደ ግንባር ስለ ዘመቱም የቁፋሮው ድካም በአብዛኛው በሴቶች፣ በልጆችና በአረጋውያን ጫንቃ ላይ ወድቋል። ሞንጁዊክ ከሚባለው ኮረብታ ግርጌ በሚገኘው ፖብሌ ሴክ የሠራተኞች ሰፈር የተቆፈረው «መጠለያ 307» እስከ ዛሬ ይጎበኛል፤ 400 ሜትር ያህል የሚረዝመው ይህ መተላለፊያ ከአንድ በላይ መግቢያ፣ መጸዳጃ፣ የመጠጥ ውኃና የሕክምና ክፍል ያለው ሲሆን፣ መግቢያዎቹ የፍንዳታው ግፊት በቀጥታ እንዳይገባ ሆን ተብለው ጠመዝማዛ ተደርገዋል።

ባርሴሎናን በመጋቢት 1930 ዓ.ም. ለሦስት ቀናት ደብድቦ አንድ ሺህ ያህል ሰው የገደለው የፋሺስት ጣሊያን አየር ኃይል፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን በቦምብ ያጋየው ያው ኃይል ነበር። በኢትዮጵያ ላይ ግን ከቦምቡ ጋር የሰናፍጭ ጋዝ ጨምሯል። ይህ መርዝ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳል፣ በጉድጓድና በዋሻ ውስጥም ይተኛል፤ ስለሆነም ከቦምብ ስብርባሪ የሚያድነው ጥልቀት መርዙ ሲመጣ ራሱ ወጥመድ ይሆናል። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ዘረት በተባለው ስፍራ በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የደረሰው እልቂት የዚህ መራራ ማስረጃ ነው፤ አርበኞች ከሚስቶቻቸው፣ ከልጆቻቸውና ከቁስለኞቻቸው ጋር ወደ ሰፊ ዋሻ ገብተው ሳለ፣ የጣሊያን ጦር በዋሻው አፍ ላይ መርዝ አፈነዳ፤ እጃቸውን ከሰጡት ወንዶችም ብዙዎቹን ረሸነ። ያ ዋሻ ከባርሴሎና መተላለፊያዎች ይልቅ ሰፊና ጽኑ ዐለት ነበረው፤ የጎደለው ከከበባው ውጭ የሚያደርስ ሁለተኛ መውጫ ነበር።

የአገሪቱ የራሷ የእርስ በርስ ጦርነትም ሌላ ጉድለት አሳይቷል። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. የመንግሥት አውሮፕላኖች በትግራይ ሐውዜንን የደበደቡት በገበያ ቀን፣ በረቡዕ ነበር፤ ከየገጠሩ ለመገበያየት የመጣ ሕዝብ ሜዳ ላይ እያለ ተመታ፤ የሟቾቹም ቁጥር በሺዎች ይገመታል። ለዚያ ሕዝብ መጠለያ ቢኖር እንኳ፣ የሚደርስበት ጊዜ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ካልቀደመ ከንቱ ይሆን ነበር። በዚያው ዘመን በሰሜኑ የጦርነት ቀጣና ገበያው ወደ ሌሊት የተዛወረው ከዚህ ሥጋት የተነሣ ነው፤ ጨለማው ራሱ እንደ መጠለያ ተቆጠረ።

የአዲስ አበባው ጉለሌ ልክ እንደ ፖብሌ ሴክ ከተራራ ግርጌ የተቀመጠ የሠራተኛ ሰፈር በመሆኑ፣ የእንጦጦ ዐለት ነዋሪውን ይጠብቀዋል የሚል ሐሳብ በቀላሉ ይመጣል። ሐሳቡ ግን ያታልላል። የእንጦጦ ተዳፋት የቀበናና የቁርጡሜ ወንዞች መነሻ እንደ መሆኑ፣ በክረምት ከላይ የሚወርደው ጎርፍ መፋሰሻ ያልተበጀለትን ጉድጓድ ሁሉ ይሞላል፤ በሽሮ ሜዳና በአዲሱ ገበያ ዙሪያ ቤቶች ተጠጋግተው በተሠሩባቸው መንደሮች ደግሞ የመጸዳጃ ጉድጓዶች ብዛት ቁፋሮውን ለጤና አደገኛ ያደርገዋል። በእነዚህ ሰፈሮች ሊታሰብ የሚገባው መጠለያ ከጎርፉ መውረጃ ወጣ ብሎ በተዳፋቱ ወገብ ላይ አግድም የሚገባ፣ ወለሉ ውኃ ወደ ውጭ እንዲያፈስ በመጠኑ ያዘነበለ፣ በጠባብ መንገድ የሚመጣው ሕዝብ በጥቂት ደቂቃ ሊደርስበት የሚችል መተላለፊያ ነው። በከተማዋ ለሚነሡት ረጃጅም ሕንፃዎች ለመኪና ማቆሚያ የሚሠራው ምድር ቤትም ለዚሁ አገልግሎት ሊውል ይችላል፤ ይህ እንዲሆን ግን ገና በንድፉ ጊዜ፣ ሕንፃው ቢናድ በፍርስራሹ የማይዘጋ፣ ከሕንፃው ግድግዳ ርቆ ወደ ደጅ የሚያወጣ ሌላ በር ሊታቀድለት ይገባል፤ የኮንክሪቱ ጣሪያ ከተሞላ በኋላ እንዲህ ያለውን መውጫ መክፈት እጅግ ውድና አስቸጋሪ ሥራ ነው።