የኢንተርኔት አቅራቢው ድርሻ ምንድን ነው?

(በአየር ጤና ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ከዚሁ ከአየር ጤና ይጀምራል። ከመካከላችን ጽሑፉን ለማሳተም ፍላሹን ይዞ ኮፒ ቤት ገብቶ፤ ቫይረስ ተሸክሞ ያልተመለሰ ጥቂት ነው። ያ ፍላሽ የቤቱን ኮምፒውተር ይበክላል። የተበከለውም ኮምፒውተር ባለቤቱ ሳያውቅ ለማይታወቁ ሰዎች አይፈለጌ መልእክት ሲልክ ሊያድር ይችላል። ባለቤቱ የሚያየው መስመሩ ሲንቀራፈፍና የገዛው ጥቅል ቶሎ ሲያልቅ ብቻ ነው።

ብዙ ሰዎች «ባለቤቱ ይጠንቀቅ» ይላሉ። እውነት ነው፤ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ነገር ግን መታመሙን ያላወቀ ሰው እንዴት ይታከማል? ከአንድ መስመር በአንድ ሌሊት ብዙ ሺሕ መልእክት ሲወጣ ማየት የሚችለው፤ ደንበኛውንም ለይቶ የሚያውቀው የኢንተርኔት አቅራቢው ነው። ከዚህም በላይ ብዙ ደንበኞች አንድ የኢንተርኔት አድራሻ በሚጋሩበት አሠራር፤ በአንዱ ጦስ አድራሻው በጥቁር መዝገብ ሲጻፍ የንጹሑም ደብዳቤ ሳይደርስ ይመለሳል።

ይህን የተረዱ አገሮች አሉ። በጃፓን ከ2006 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. መንግሥትና አቅራቢዎች ተባብረው ኮምፒውተራቸው ለተበከለባቸው ደንበኞች ማስጠንቀቂያና ማጽጃ ፕሮግራም ይሰጡ ነበር። በብራዚልም አቅራቢዎች ተስማምተው የተራ ደንበኛን ፖርት 25 ዘጉ። ይህ በር የደብዳቤ ሰርቨሮች እርስ በርሳቸው የሚላላኩበት ነው። ተራው ሰው ደብዳቤውን በይለፍ ቃል በሌላ በር ስለሚልክ መዘጋቱ አይጎዳውም፤ ቫይረሱ ግን መውጫ ያጣል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ኢንተርኔት ከገባ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ዘመን አቅራቢው አንድ ብቻ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮምም አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የማስታወቂያ መልእክት መበተንን ወንጀል አድርጎታል፤ አቅራቢውም በሥርዓቱ ላይ ወንጀል መፈጸሙን ሲያውቅ እንዲያሳውቅ ያዝዛል። ሆኖም ቅጣት ብቻውን አይበቃም። ኮምፒውተሩ የተበከለበት ሰው ተጎጂ እንጂ ወንጀለኛ አይደለምና።

«አቅራቢው መስመራችንን ይመልከት ማለት ደብዳቤያችንን ያንብብ ማለት ነውን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሳምንታት መቆየቱን ያየ ሰው ቢሠጋ አይፈረድበትም። ነገር ግን ፖስተኛ ፖስታውን ሳይከፍት ከአንድ ቤት ስንት ደብዳቤ እንደወጣ መቁጠር ይችላል። እኛም የምንለው ይቍጠር እንጂ ይክፈት አይደለም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፤ አቅራቢዎች የተበከለውን ደንበኛ በሚገባው ቋንቋ ያስጠንቅቁት፤ ማጽዳትም ያስተምሩት። ሁለተኛ፤ ፖርት 25ን ለተራ ደንበኛ ዘግተው ለሥራው ለሚያስፈልገው በጥያቄ ይክፈቱለት። ሦስተኛ፤ ሳያስጠነቅቁና አቤቱታውን ሳይሰሙ የማንንም መስመር አይቍረጡ።

የኛም ድርሻ አለ። ኮምፒውተር የምናውቅ ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ የኮፒ ቤቶቹን ኮምፒውተሮች በነጻ ብናጸዳ ከአቅማችን በላይ አይሆንም። የራሱን ደጅ ያጸዳ ሰው ሌላውን «አጽዳ» ለማለት አፍ ይኖረዋል።