ጥንዱ የማይመሳሰል ካልሲ
በግሽ አባይ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክቡራን አባቶች፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ እናቶችና እኅቶች፤

ዛሬ የምንናገረው ስለ ካልሲ ነው። ጉዳዩ ለዚህ ጉባኤ የማይመጥን የሚመስለው ቢኖር፣ እሑድ በቅዳሴ ሰዓት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጥቂት ቆሞ ይመልከት። ምእመኑ ጫማውን አውልቆ ይገባል። እግሩ ያበጠበት ሰው ግን ጫማ ቢኖረውም አያወልቅም፤ ከዛፍ ሥር እንደ ተቀመጠ ቅዳሴው ያልቃል። አንዳንዶቹን በዚያው ዛፍ ሥር ለብዙ ዓመታት እናውቃቸዋለን። ለምን እንደማይገቡ ግን ጠይቀን አናውቅም ነበር።

ዝሆኔ የምንለው፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ይህ ደዌ እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው የቀይ አፈር ደቃቅ ቅንጣት በባዶ እግር ቆዳ ገብቶ፣ ለዓመታት የውስጡን ሥሮች እያስቆጣ እግርን ያሳብጣል። ተጋላጭነቱ በዘር ስለሚወረስ ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ሊታመም ይችላል፤ ጋብቻ የሚያፈርሰው ሐሜትም ከዚህ ይነሣል። በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ተካሂዶ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከ100 ሰዎች 3 ያህሉ ታመው አግኝቷል። በአነደድ ወረዳ በ696 ሕሙማን ላይ ለ12 ወራት የተደረገው ሌላ ጥናት ደግሞ፣ እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ መጠቅለያ፣ ካልሲና ጫማ ትኩሳት ያለበትን የእግር ሕመም በዓመት ከ24 ጊዜ ወደ 19 ያህል ዝቅ እንዳደረገው አሳይቷል። ልዩነቱ ትንሽ የሚመስለው እርሻ በሚደርስበት ወቅት በትኩሳት ተኝቶ ለማያውቅ ሰው ነው።

ይህን ስንል ከጠበሉ ጋር የምናወዳድረው የለም። በጠበል የታጠበ እግር ተመልሶ ጭቃ እንዳይረግጥ ነው የምንለው።

ባለፈው ክረምት ከገበያ ካልሲ ገዝተን አድለን ነበር። ላስቲኩ ያበጠውን ባት ቆረጠው፤ ለአብዛኞቹም ከተረከዝ አላለፈም። የለካነው እግር አልነበረምና ጥፋቱ የእኛ ነው። ደዌው ሁለቱን እግሮች ቢይዝም እኩል አያሳብጣቸውም፤ ስለዚህ ትክክለኛው ጥንድ የማይመሳሰል ጥንድ ነው። ይህን በእጅ የሚሠራ ሰው እንጂ ፋብሪካ አያደርገውም።

ክሩ ጥጥ ይሁን። የዋሸራ በጋችን ፀጉሩ አጭር ስለሆነ እንደ መንዝ በግ ፀጉር አይፈተልም፤ ቢፈተልም ሻካራ ሱፍ ለተሰነጣጠቀ ቆዳ አይስማማም። እናቶቻችን የሚፈትሉት ጥጥ ሦስት አራት ክር ሆኖ ቢገመድ ይበቃል። አምስት አጫጭር የሹራብ መርፌ፣ አንድ የመለኪያ ክር፤ ሌላ ዕቃ አያስፈልግም። ሸማ የሚሠሩ ወንዶች ቢማሩት ይፈጥናሉ፤ ዲያቆናትም ቢማሩት ነውር የለበትም።

የምንጠይቃችሁ ግን ካልሲውን ሳይሆን ዓመቱን ነው። እግሩ በሚገባ ሲያዝ እብጠቱ ይጎድላል፤ በጥቅምት የልኩ የነበረው በጥር ይሰፋዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠሪ አንድ ሕመምተኛ ይዞ በየሦስት ወሩ ይለካል። አንዱ ሲታጠብ ሌላው እንዲለበስ በየልኬቱ 2 ጥንድ ያስፈልጋል፤ በዓመት 8 ጥንድ፣ ማለትም 16 ነጠላ ካልሲ ይሆናል። በአጨዳና በውቂያ ወራት እጅ እንደማይገኝ እናውቃለን። ግን ያቋረጠ ሠሪ የሚያቋርጠው ሰውን ነውና፣ አንዱ ሲያቅተው የሚተካው ከወዲሁ ይመደብ። የጥጡን ወጪ ሰበካ ጉባኤው ቢሸፍን መልካም ነው፤ ካልቻለ ዛሬውኑ ይንገረን።

አንድ ነገር ይቀራል። እግርን ለሌላ ሰው ማሳየት ቀላል አይደለም፤ መለኪያ ክር ይዞ የሚመጣን ሰው ሕመምተኛው ሊሸሸው ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ወር ያለ መርፌ ይለፍ። ከቅዳሴ በኋላ ወደ ዛፉ ሥር ሄዶ አብሮ መቀመጥ፣ ስማቸውን መጠየቅ፣ ሰንበቴው ሲዘጋጅም ከመካከላችን ማስቀመጥ ይቅደም። መለኪያውን ክር እነርሱ ራሳቸው በእግራቸው ዙሪያ ቢያዞሩትና እኛ ቋጠሮውን ብቻ ብናስር ይሻላል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።