ደረቱ የሚነሣው በማን ኃይል ነው?



አቃቂ ቃሊቲ የፋብሪካ አገር ነው። እዚህ ሞተር ሲቆም ሥራ መቆሙን የማያውቅ የለም። ዛሬ የምናገረው ግን ሞተሩ እየሠራ ሕይወት ስለሚቆምበት ሁኔታ ነው።

በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ ሕፃን ደረቱ ይነሣል፤ ገላውም ይሞቃል። ይህን አይታ «ልጄ ይተነፍሳል» የምትል እናት አይፈረድባትም። ይሁን እንጂ አየሩን የሚገፋው መሣሪያው ብቻ ሊሆን ይችላል። ልብ የራሱ የኤሌክትሪክ ምት ስላለው፣ ኦክሲጅን እስካገኘ ድረስ፣ አንጎል ከሞተም በኋላ ለጊዜው ይመታል።

ጥያቄው ከመሣሪያው ጋር የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ የሕክምና ተማሪዎች እየተፈራረቁ በእጃቸው ከረጢት እየጨመቁ ሕሙማንን ያስተነፍሱ ነበር። ሥራው ወደ ሞተር ከተዛወረ በኋላ አንጎላቸው ሞቶ ልባቸው የሚመታ ሕሙማን ታዩ። በ1968 የሃርቫርድ ኮሚቴ መመዘኛ አወጣ።

ለሕፃናት ጥንቃቄው ይበልጥ ይጠብቃል። በ2023 የታደሰው የአሜሪካ መመሪያ ሁለት ሐኪሞች ቢያንስ በ12 ሰዓት ልዩነት ለየብቻ እንዲመረምሩ ይጠይቃል። በትንፋሽ ፈተናው ኦክሲጅን እየተሰጠ የመሣሪያው ግፊት ይቋረጣል፤ በደም ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ከመነሻው በ20 ጨምሮ 60 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲደርስ ሕፃኑ ይተነፍስ እንደሆነ ይታያል።

የእኛ ሙያ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ቱቦው አየር ቢያስወጣ ወይም ውኃ ቢቋጥር፣ መሣሪያው ይህን እንደ ሕፃኑ ትንፋሽ ቆጥሮ ሊገፋ ይችላል። የደም ጋዝ መለኪያው ካልተስተካከለም ቁጥሩ ያሳስታል። ያልተፈተሸ መሣሪያ ሐሰተኛ ምስክር ነው፤ ለወላጅ ከንቱ ተስፋ ይሰጣል፤ ወይም የሐኪሙን ፍርድ ያናጋል።

በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው በሕይወት ካሉ ዘመዶች በሚሰጥ ኩላሊት ነው። የዓይን ባንክ የሚሰበስበው ብሌን ደግሞ ልብ ከቆመ በኋላ ይወሰዳል። አንጎሉ ከሞተ ሕፃን አካል መውሰድ ግን ከሁሉ የከበደ እምነት ይጠይቃል። ስለዚህ አስቀድሞ ሞቱ ይረጋገጥ፤ ልገሳው ከዚያ በኋላ ይጠየቅ፤ ሞቱን የሚያረጋግጡትም ከንቅለ ተከላው እጃቸው የራቀ ይሁን። ወላጅ እምቢ ቢል እምቢታው ይከበር።

ፍርዱ የሐኪም፣ ፈቃዱ የወላጅ ነው። በጥሩነሽ ቤጂንግም ሆነ በሌላ ሆስፒታል የመሐንዲሱ ድርሻ፣ ያች እናት «ደረቱ የሚነሣው በማን ኃይል ነው?» ብላ ስትጠይቅ መሣሪያው እውነቱን እንዲመሰክር ማድረግ ነው።