የደም ውጤቴ ደህና ሆኖ ሳለ ኤምአርአይ ለምን ተነሣሁ?



ከማኅበራችን የተበደርኩትን ብር ምን ላይ እንዳዋልኩት ስናገር «የደም ምርመራሽ ደህና ከሆነ ምን አስነሣሽ?» ብላችሁኛል። ገንዘቡ የሁላችንም ስለሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ የምነግራችሁ ሐኪሞቼን እየጠየቅሁ የተረዳሁትን ነው።

በሽታዬ ታካያሱ ይባላል። ስሙ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1908 ከገለጸው ጃፓናዊ የዓይን ሐኪም የመጣ ነው። ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳና ቅርንጫፎቹ ግድግዳቸው ይቆጣል፣ ይወፍራል፣ መተላለፊያው ይጠባል። አብዛኞቹ ታማሚዎች ወጣት ሴቶች ናቸው። የእኔ የግራ እጅ የደም ሥር ትርታ አይዳሰስም፣ ግፊትም በዚያ እጅ ሲለካ ዝቅ ይላል። ስንት ጊዜ «ደም ማነስ ነው፣ ቀይ ሥር ብዪ» ተብያለሁ! ቀይ ሥር እወዳለሁ፣ ግን የዚህ መድኃኒት አይደለም።

በየጊዜው ሁለት የደም ምርመራ አደርጋለሁ። ኢኤስአር የሚባለው ደም በቀጭን ቱቦ ቆሞ ቀይ ሕዋሳቱ በአንድ ሰዓት ስንት ሚሊ ሜትር እንደወረዱ ይለካል፤ ሰውነት ሲቆጣ ፈጥነው ይወርዳሉ። ሲአርፒ ደግሞ ያን ጊዜ ጉበት አብዝቶ የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው። እሱ በቀናት ውስጥ ይወርዳል፣ ኢኤስአር ግን ሳምንታት ይፈጅበታል። ሁለቱም መቆጣት መኖሩን እንጂ የት እንዳለ አይናገሩም። ኢንፌክሽን ሁለቱንም ያስወጣል፤ እርግዝናና ደም ማነስም ኢኤስአርን ከፍ ያደርጋሉ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቁጥሩ ዝቅ ሲል ነው። በ1994 አሜሪካ ውስጥ 60 የታካያሱ ሕሙማንን የተከታተለ ጥናት ታትሞ ነበር። በሽታው በግልጽ እየሠራ ሳለ እንኳ ኢኤስአር ከፍ ብሎ የተገኘው ከ100 በ72ቱ ያህል ብቻ ነው። የቀሩትን ወረቀቱ ብቻ ቢዳኛቸው ኖሮ ደህና ናችሁ ይባሉ ነበር። ቶሲሊዙማብ የሚባለውን መርፌ ለሚወስዱ ደግሞ ይብሳል፤ መድኃኒቱ ጉበት ሲአርፒ እንዲያመነጭ የሚያዝዘውን መልእክት ስለሚዘጋ፣ በሽታው ባይተኛም ቁጥሩ ይተኛል። በእኛ ሙያ ትሪያል ባላንስ እኩል ስለመጣ ብቻ መዝገቡ ንጹሕ ነው አንልም፤ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ደረሰኝ እኩልነቱን አያፈርስም።

ኤምአርአይ የሚያየው ራሱን ግድግዳውን ነው። የእኔም በቀኝ በኩል ወደ አንጎል በሚወጣው የአንገት ደም ቅዳ ላይ ካምናው የጨመረ ውፍረት አሳየ። በዚያው ሳምንት መድኃኒቴ ተስተካከለ። ወረቀቱን ብቻ አይተን ቢሆን ፕሬድኒሶሎኔን ለመቀነስ ነበር የታሰበው።

የደም ምርመራው ይቅር አልልም፤ ርካሽ ነው፣ ሲወጣም ያስጠነቅቃል። ውጤቶቼን ሁሉ ከነቀናቸው በአንድ ደብተር እጽፋለሁ፣ ጉንፋን ይዞኝ ከነበረም አጠገቡ እጽፋለሁ። እናንተም ሴት ልጆቻችሁን ጤና ጣቢያ ስትወስዱ ግፊታቸው በሁለቱም እጅ ይለካ በሉ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከተለያየ፣ ሐኪሙ ምክንያቱን እንዲፈልግ ጠይቁ።