ቅሬታ ይዞ የመጣ አንባቢ

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የተጋበዝኩት ሕዝብ የመገናኛ ብዙኃንን እንዴት ሊያምን እንደሚችል እንድናገር ነው። ከራሴ ጥፋት ብጀምር ይሻላል።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ዘይት ደብቀዋል ስለተባሉ ነጋዴዎች ዜና ሠራሁ። ስም ተመሳስሎብኝ የሌላ ሰው ስም ጻፍኩ። ዜናው ፊት ገጽ ላይ ወጣ። ማረሚያው ከሳምንት በኋላ በውስጥ ገጽ፣ ከጨረታ ማስታወቂያ ሥር፣ በሁለት መስመር ታተመ።

ሰውየው ጋዜጣውን አጣጥፈው ይዘው ቢሮ መጡ። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። አልጮኹም። «ልጄ፣ ስሜን ያጠፋኸው በአደባባይ ነው፤ የመለስክልኝ ግን በጓዳ ነው» አሉኝ። አለቃዬ «እርማት አውጥተናል» ብሎ ሸኛቸው። እኔም ዝም አልኩ።

ያ ጉዳይ የገባኝ በኋላ የኒውዮርክ ታይምስን ታሪክ ሳነብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ጄሰን ብሌየር የተባለ ዘጋቢው ያልሄደበትን ቦታ እንደሄደ፣ ያላነጋገረውን ሰው እንዳነጋገረ አድርጎ ሲጽፍ ተገኘ። ጋዜጣው ራሱን መርምሮ ግንቦት 11 ቀን ውጤቱን ከፊት ገጽ ጀምሮ ዘርግፎ አተመው። ከ73 ጽሑፎች ቢያንስ በ36ቱ ላይ ችግር ተገኝቷል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ብሌየር በኢራቅ የተማረከችውን ወታደር የጄሲካ ሊንችን ቤተሰብ ቤት ሲገልጽ በረንዳው የትምባሆ እርሻና የከብት ግጦሽ ያሳያል ብሎ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የለም። ቤተሰቡ አንብበው ሳቁ፤ ግን ወደ ጋዜጣው አልደወሉም። ለምን? የአንድ ጊዜ ነገር መስሏቸው ትተውታ!

አያችሁ፣ አመኔታ የሚያልቀው አንባቢ ሲቆጣ ሳይሆን መቆጣቱን ሲተው ነው። እኚያ ነጋዴ ቢሮዬ ድረስ የመጡት ገና ስላመኑን ነበር። እኛ ነን የሸኘናቸው።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። የእንግሊዙ ጋርዲያን እ.ኤ.አ. በ1997 የአንባቢያንን ቅሬታ የሚመረምር፣ ዋና አዘጋጁ ሊያሰናብተው የማይችል ሰው ሾሞ በየዕለቱ የእርማት ዓምድ ከፈተ። ኒውዮርክ ታይምስም ከብሌየር በኋላ ተመሳሳይ ኃላፊነት ፈጠረ፤ በ2017 ግን አስቀረው።

ዛሬ በምመራው ዝግጅት ክፍል ፊት ገጽ ላይ የተሳሳትነውን ፊት ገጽ ላይ እናርማለን። ስሕተቱ እንዴት እንደተፈጠረ እንጽፋለን። ቅሬታ ላቀረበው ሰው ራሱ ዘጋቢው ይደውላል። «ተፎካካሪ ይስቅብናል» ያሉኝ ባልደረቦች ነበሩ፤ እውነታቸውን ነው፣ ተስቆብናል። ግልጽነት ማለት ደግሞ ምስጢር ጠብቁልኝ ያለን ምንጭ ማጋለጥ አይደለም። ያወቅነውን እንዴት እንዳወቅን፣ ያልቻልነውም ለምን እንዳልቻልን መናገር ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ከዓመታት በኋላ ነጋዴውን ይቅርታ ልጠይቅ ሱቃቸው ድረስ ሄድኩ። ሱቁን ሌላ ሰው ይዞታል፤ የት እንደሄዱ የሚያውቅ አላገኘሁም።

ስለዚህ መምህሮቼን አንድ ነገር ልለምን፤ ተማሪዎቻችሁን የዜና መግቢያ እንደምታስጽፏቸው ሁሉ እርማትም አስጽፏቸው። እናንተ ጓደኞቼ ደግሞ ስንሳሳት ስታዩ ስቃችሁ አትለፉን። ደውሉልን፤ ተቆጡን።