የካሚዮን ራዲያተር ንጽሕና
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ በናፍጣ የሚሠራ የጭነት መኪና ራዲያተርና ከፊቱ የተደረደሩት ማቀዝቀዣዎች ሙቀታቸው ይበርድ ዘንድ እንዴት እንደሚጸዱ ነው። ከአድማጮቼ ብዙዎቹ በብዕርና በመዝገብ የሚሠሩ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ስለሆኑ፤ «ይህ የሾፌርና የመካኒክ ሥራ ነው እንጂ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የአገራችን የውጭ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ወደብ ነው፤ ከዚያም አብዛኛው ዕቃ ወደ መሐል አገር የሚመጣው በካሚዮን ተጭኖ ነው። ካሚዮኑ የሚያቃጥለው ናፍጣም ቢሆን ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚገባ ነው። ስለዚህ አንድ ካሚዮን በዳገት ላይ ፈልቶ በቆመ ጊዜ የሚቆመው የሾፌሩ ሥራ ብቻ አይደለም፤ መድኃኒቱ ከሐኪም ቤት፣ ማዳበሪያው ከገበሬው ማሳ፣ ስንዴው ከወፍጮው ይዘገያል። ከዚህም በላይ የመንግሥት ካሚዮን ይጠገን ዘንድ ፊርማውን የሚያኖረው የቢሮ ሰው ስለሆነ፤ የሚፈርምበትን ነገር ቢያውቅ ለራሱም ለአገሩም ይጠቅማል።

የናፍጣ ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ኃይል ውስጥ ጎማውን ለማዞር የሚውለው ከግማሽ ያነሰው ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል፤ ከፊሉ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ከፊሉም ወደ ውሃው ይገባል። ውሃው ይህን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል፤ በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ሲያልፍ በቱቦዎቹ መካከል የተሰኩት ስስ የብረት ቅጠሎች ሙቀቱን ተቀብለው ለሚያልፈው ነፋስ ያስረክባሉ። እንግዲህ ራዲያተር ማለት ሙቀትን ከውሃ ወደ ነፋስ የሚያሻግር ድልድይ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ራዲያተር ዛሬ ወዳለበት መልክ የቀረበው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1900 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት አንዳንድ መኪናዎች፣ የካርል ቤንዝ የ1886 መኪና ጭምር፣ ውሃውን እያፈሉ በእንፋሎት ያጠፉት ስለነበር በየመንገዱ ውሃ መጨመር ግድ ነበር። ቪልሄልም ማይባኽ የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ ግን ለመርሴዲስ ባለ 35 የፈረስ ጉልበት አውቶሞቢል የማር እንጀራ የሚመስል ራዲያተር ሠራለት። በዚህ ራዲያተር 8,070 ጥቃቅን የነፋስ ቀዳዳዎች ነበሩበት፤ 9 ሊትር ውሃም ብቻ ይበቃው ነበር። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ፤ ይኸውም የራዲያተር ጥበብ ያለው በብረቱ ክብደት ሳይሆን በክፍተቶቹ ብዛት ነው። ክፍተቶቹ በአቧራ የተደፈኑበት ራዲያተር ወደ ጥንቱ የፈላ ጀበና ተመለሰ ማለት ነው።

ይህ ጉዳይ ለደጋ አገር ሰው ይበልጥ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለው። በባሕር ጠረፍ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሲሆን፤ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የካሚዮን ሞተር ደግሞ ደኅና ሆኖ እንዲሠራ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ይሻል። ስለዚህ በመሥሪያው ሙቀትና በመፍላቱ መካከል የቀረው ልዩነት እጅግ ጠባብ ነው። ይህን የሚያሰፋልን የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ውስጡን አፍኖ ግፊት በመያዝ ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ እንዳይፈላ ያደርገዋል። ላስቲኩ ያረጀ ክዳን ይህን ጥቅም ያሳጣል። ሁለተኛም የደጋው አየር ስስ ነው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ክብደት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቬንትሌተሩ ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚስበው አየር የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። ለባሕር ጠረፍ ሰው ትንሽ መስሎ የሚታየው እድፍ ለእኛ ትልቅ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

በዛሬ ካሚዮኖች ላይ ራዲያተሩ ብቻውን አይቆምም። ከፊቱ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር አለ፤ በአንዳንዶቹም ከዚያ ፊት የጋቢናው ማቀዝቀዣ ኮንዴንሰር ይጨመራል። እነዚህ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርበው ስለቆሙ፤ ከፊት ሲታዩ ንጹሕ መስለው በመካከላቸው ግን ማንም የማያየው ጉድፍ ይጠራቀማል።

በምዕራብ አዲስ አበባ በቀራንዮ ሰፈር የተነገረኝን አንድ ነገር ለምሳሌ ላቅርብ። አንድ ባለካሚዮን በአየር ጤና፣ በዓለም ገና፣ በወሊሶና በወልቂጤ አድርጎ ወደ ጅማ ሲሚንቶ ያመላልሳል፤ ሲመለስም ቡና ይጭናል። የግቤ ሸለቆ ከወልቂጤ ከ700 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቆላ ስለሆነ፤ ከድልድዩ ወደ ወልቂጤ ሲወጣ የሙቀቱ መለኪያ ወደ ቀዩ ምልክት ይደርስበታል፤ ሜዳ ሲደርስ ግን ይመለስለታል። ሰውዬው በምክር ብዛት መጀመሪያ ቴርሞስታቱን ለወጠ፤ ቀጥሎ የውሃውን ፓምፕ ለወጠ፤ በመጨረሻም ቴስታታው ወርዶ ጓርኒሲዮኑ ይለወጥ ተባለ። ገንዘብ ለመበደር ሲሰናዳ በሰፈሩ የሚኖሩ አንድ አረጋዊ መካኒክ ጠርቶ አማከራቸው። እሳቸውም ከራዲያተሩ በስተኋላ መብራት አብርተው በፊት በኩል ተመለከቱ፤ ብርሃኑ አላልፍ አለ። ኢንተርኩለሩን ፈትተው ፈቀቅ ባደረጉት ጊዜ ገለባና ዘይት የነካው አቧራ ተጋግሮ እንደ በርኖስ ወፍሮ ተገኘ። «ልጄ፤ መኪናህ አልታመመም፤ አፍንጫው ነው የተደፈነው» አሉት። ከታጠበ በኋላ ያንኑ ጭነት ይዞ ያንኑ ዳገት ሲወጣ መለኪያው ከቦታው አልተነቃነቀም። ቴስታታውም ሳይወርድ ቀረ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ምልክት እንያዝ። ሙቀቱ በዳገትና በጭነት ጊዜ እየጨመረ በሜዳ የሚመለስ ከሆነ፤ አስቀድሞ የሚጠረጠረው የነፋሱ መንገድ ነው። መኪናው ቆሞ ሳለ እንኳ ቶሎ የሚግል ከሆነ ግን የውሃ ማነስ፣ የፓምፕ፣ የቴርሞስታት ወይም የቬንትሌተር ቺንጋ ጉድለት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንመለስ።

አንደኛ፤ ሞተሩ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። የጋለ ራዲያተር ክዳን ቢከፈት ታፍኖ የነበረው ውሃ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊትንና እጅን ያቃጥላል። በጋለው ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ሁለተኛ፤ የተደራረቡት ማቀዝቀዣዎች ይለያዩ። የኮንዴንሰሩ የጋዝ ቱቦ ሳይፈታ፤ የያዙትን ብሎኖች ብቻ አላልቶ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ማግኘት በብዙ መኪናዎች ይቻላል።

ሦስተኛ፤ የደረቀው ጉድፍ በለስላሳ ብሩሽና በኮምፕረሰር አየር ይራገፍ። እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው ዋና ደንብ፤ ጉድፉ በገባበት መንገድ ይውጣ የሚለው ነው። ነፋሱ ከፊት ወደ ኋላ ስለሚገባ፤ እኛ የምንነፋው ከሞተሩ ወገን ወደ ፊት ነው። ከፊት በኩል የሚረጭ ሰው ጉድፉን ወደ ውስጥ ይቀረቅረዋል እንጂ አያወጣውም።

አራተኛ፤ ዘይት የነካው እድፍ በሳሙና ውሃ ተነክሮ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ፤ ከዚያም ከኋላ ወደ ፊት በዝግታ በሚወርድ ውሃ ንጹሕ ውሃ እስኪወጣ ድረስ ይታጠብ። ኃይለኛ የመኪና ማጠቢያ ግፊት ስሱን ቅጠል አጥፎ ክፍተቱን ለዘለቄታው ይዘጋዋል። የዛሬ ራዲያተሮች ብዙዎቹ አሉሚኒየም ስለሆኑ ኮስቲክ ሶዳና አሲድ ይበላቸዋል። ዘይቱ ከየት እንደሚንጠባጠብም ተፈልጎ ይጠገን፤ አለዚያ አቧራው እንደገና ይለጠፋል።

አምስተኛ፤ ሲገጠም በቬንትሌተሩ ዙሪያ ያለው መከለያና በየጎኑ ያሉት ላስቲኮች በቦታቸው ይመለሱ። እነዚህ ከሌሉ ነፋሱ በራዲያተሩ ውስጥ ማለፉን ትቶ በጎን ይሾልካል።

የውስጡም ንጽሕና አይዘንጋ። ከወንዝ በጀሪካን የተቀዳ ደፍራሽ ውሃ ጭቃውን፣ ኖራ የበዛበት ውሃም ኖራውን በቱቦው ውስጥ ይተዋል። መዳብ ከዚህ ኖራ ከመቶ እጥፍ በላይ ሙቀት ስለሚያስተላልፍ፤ እንደ ወረቀት የሳሳ ቅርፊት እንኳ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ አሮጌው ውሃ ወጥቶ፣ ውስጡ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ የሞተሩ ፋብሪካ ባዘዘው መጠን ኩላንትና የተጣራ ውሃ ይሞላ። በብዙ ኩላንት ውስጥ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል ጣዕሙ ጣፋጭ የሆነ መርዝ ነውና፤ የወጣው ፈሳሽ ልጆችና ከብቶች በሚደርሱበት መሬት አይደፋ።

አንዳንድ ሾፌሮች ሙቀቱን ለማብረድ ቴርሞስታቱን አውጥተው ይጥላሉ። ይህ ደግ መፍትሔ አይደለም፤ ሞተሩ በቀላል ሥራ ጊዜ ከሚገባው በታች ስለሚቀዘቅዝ ነዳጅ ይበላል፤ ቶሎም ያረጃል። ራዲያተሩ የተደፈነበት ካሚዮን ቬንትሌተርም ያለ ዕረፍት በሙሉ ኃይሉ ስለሚዞር፤ በአሥር የሚቆጠር የፈረስ ጉልበት ከሞተሩ ይወስዳል። በዚህ መንገድ እድፉ ራሱ ናፍጣ ጠጪ ይሆናል።

ክቡራን አድማጮች ሆይ፤ የመሥሪያ ቤት ተሽከርካሪ የምትቆጣጠሩ ሁሉ ሦስት ነገር ብታደርጉ ይበቃል። በበጋው አቧራና በመኸሩ ገለባ ወራት የማቀዝቀዣዎቹ መካከል ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ በመብራት ይታይ። ከጽዳቱ በፊትና በኋላ በአንድ ዓይነት ዳገትና በአንድ ዓይነት ጭነት የታየው ሙቀት በመኪናው መዝገብ ይጻፍ። የፓምፕ ወይም የጓርኒሲዮን መግዣ ወረቀት ለፊርማ በቀረበ ጊዜም፤ «ራዲያተሩ መቼ ታጠበ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ ገንዘብ አያስወጣም፤ መልሱ ግን ብዙ ገንዘብ ሊያድን ይችላል።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። አንድ ብሩሽ፣ ጥቂት ሳሙናና የግማሽ ቀን ድካም የሚከለክለውን ጥፋት፤ ቴስታታው ከተጣመመ በኋላ የወራት ደመወዝ አይመልሰውም።