የእጅ ሙያ ተማሪና የባሕር ማዶ ልምምድ
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የውጭ አገር የትምህርት ዕድል ሲነሣ በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው መጽሐፍ የታቀፈ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። መጋዝ የያዘው አናጢ፥ ሽቦ የሚዘረጋው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ትዝ አይለንም። ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ ስለ ተረሳው፥ ይልቁንም ቤተሰቡ ድኻ ስለ ሆነው ተማሪ ነው።

በመጀመሪያ የአውሮፓን ነገር እንመልከት። «ኤራስመስ» የተባለው ዕቅድ በ1987 እ.አ.አ. ሲቋቋም ከ11 አገሮች የተውጣጡ 3,244 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ላከ። የሙያ ሥልጠናን የሚመለከተው «ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ» የተጀመረው በ1995 ነው፤ በ2014 ሁለቱም «ኤራስመስ ፕላስ» በሚባለው አንድ ዕቅድ ውስጥ ተጠቃለሉ። ለ2021–2027 የተመደበለት ገንዘብ ከ26 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ነው።

እንግዲህ ገንዘቡ ካለ ችግሩ ምንድን ነው? ችግሩ በሩ ቢከፈትም ድኻው ከደጃፉ መድረስ አለመቻሉ ነው። አንደኛ፥ የፓስፖርቱና የጉዞው ወጪ ኋላ ይመለስልሃል ቢባል፥ አስቀድሞ የሚከፍለው ከየት ያመጣል? ሁለተኛ፥ ከትምህርት በኋላ ሠርቶ እናቱን የሚረዳ ልጅ ለሦስት ወር ሲሄድ የቤቱ ገቢ ይጎድላል። ሦስተኛ፥ ከዘመዶቹ አንድ እንኳ ባሕር ማዶ የተሻገረ የሌለው ልጅ «ይህ ለእኔ ዓይነቱ አይደለም» ብሎ ማመልከቻውን ሳይጽፍ ይቀራል። ይህ ሦስተኛው በቁጥር አይታይም፤ ነገር ግን ከሁሉ የባሰ እርሱ ነው።

ለዚህ መድኃኒት የሚሆን ሥራ ተጀምሯል። በኤራስመስ ፕላስ ደንብ የሙያ ተማሪ አጭር ልምምድ ከ10 እስከ 89 ቀን ነው፤ ዕድል ለጎደላቸው ግን እስከ 2 ቀን ሊያጥር ይችላል፤ አጃቢ መምህርም ይፈቀዳል። «አልማ» የሚባለው ሌላው ዕቅድ ደግሞ ሥራም ትምህርትም ላይ ያልሆኑትን፥ ከ18 እስከ 29 ዓመት ያሉ ወጣቶች ከ2 እስከ 6 ወር ይልካል፤ ከመሄዳቸው በፊት በአገራቸው ያዘጋጃቸዋል፥ ሲመለሱም ሥራ ወይም ትምህርት እስኪይዙ ይከታተላቸዋል።

አንዳንድ ሰው «በአንድ ተማሪ የሦስት ወር ወጪ ስድስት ተማሪዎች ለሁለት ሳምንት ቢሄዱ አይሻልም?» ይል ይሆናል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሁለት ሳምንት አገር ለማየት ይበቃል፤ እጅን ከአዲስ መሣሪያ ጋር ለማስማማት ግን ወራት ያስፈልጋሉ። አጭሩ ጉዞ ለፈራው ልጅ የመጀመሪያ እርምጃ ይሁን እንጂ፥ ድኻው ሁልጊዜ አጭሩን፥ ባለጸጋው ሁልጊዜ ረጅሙን የሚያገኝ ከሆነ፥ ልዩነቱን አሰፋነው እንጂ አላጠበብነውም።

ጓደኞቼ፤ ነገሩ የአውሮፓ ብቻ አይምሰላችሁ። በአገራችን የሙያ ተማሪዎች ለትብብር ሥልጠና ወደ ድርጅቶች ይላካሉ። ከገጠር ወረዳ መጥቶ በከተማ ፋብሪካ የሚለማመድ ልጅ የቤት ኪራይና የታክሲ ዋጋ ከየት ያገኛል? ማን ያሳድረዋል? ለእርሱ አዲስ አበባ ራሷ ባሕር ማዶ ናት።

ስለዚህ ኅብረታችን ሁለት ነገር እንዲያደርግ አሳስባለሁ። ይኸውም አንደኛ፥ ለልምምድ ወደ ከተማ ለሚመጡ የሙያ ተማሪዎች ማረፊያ የሚፈልግ ኮሚቴ ይቋቋም፤ ሁለተኛ፥ የማመልከቻ ጽሕፈትና የቋንቋ ትምህርት በማታ እናስተምራቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፥ ሥራው ለእያንዳንዳችን የሚደርሰው ጥቂት ነው። የምንቀመጥበትን ወንበር የሠራውን እጅ ማሠልጠን የዚያው ወንበር ተቀማጮች ዕዳ ነው።